በነጭ ፕላስተር

እሑድ ጠዋት ነበር፣ ከገላን ባሻገር፤
የኮንቴይነር ግቢ፣ ባዶውን የሚያድር።
የቮልሶቹ ማኅበር በረድፍ ተኮልኩሎ፣
ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ እንደ አተር ቆሎ።

የኔዋ ላዳ ናት።
ቀለሟ በተፋቀበት፣ ከመስኮቱ በታች፣ ከጎኗ፣
ብቅ ይላል ሰማያዊው፣ የታክሲነት ዘመኗ።

እኛም ማኅበር አለን። የኛ ማኅበርማ
በወር አንዴ ከጋራዥ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣
የካርቡሬተር ዋጋ አላምጦ አላምጦ
ሲመሽ ይበተናል። ሮጦም አያውቅማ።

«ናና እንግዳችን ሁን» አለኝ ፍሬሰንበት፣
የቮልሶቹ ጸሐፊ፤ መጣሁ ያለ ሄልሜት።
ቁጥር አልቆባቸው፣ ነጭ ፕላስተር ቆርጠው
«እንግዳ» የሚል ቃል በሩ ላይ ለጠፉ፤
የ«ዳ» እግር ረዝሞ እጀታውን ነካው፤
«ቁጥርህ ይሄ ነው» አሉኝ፣ እየሳቁ አለፉ።

ኦቦ ቱፋ፣ ጥበቃው፣ ዱላውን ተደግፎ፣
«ከየት ነው ወዴት ነው?» አለኝ ሰልፉን አልፎ።
«ከዚህ ተነስተን… እዚሁ።»
አየኝ፤ ላዳዋን አያት፤ ዝም አለ ጥቂት።
«ታዲያ ቆማችሁ ብትውሉ፣ ቤንዚኑ ምን አላችሁ?»

መንገዱን በእግር ዞርነው፣
ስምንት ኮን፣ የቀረው ጀሪካን፣ ውሃ የያዘ፤
ጎልማሳ ሁሉ፣ ባለትዳር፣ ባለ ቦርጭ፣
በባዶ እጁ አየሩን እየጠመዘዘ።
ሄልሜቱን ከአንዱ ራስ ላይ ተቀበልኩ፤
ውስጡ ገና ይሞቃል። ጆሮዬን እያጠፈ፣
የማላውቀው ሰው ላብ ግንባሬ ላይ አረፈ።

ባንዲራ።
አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣
በግራ፣ በቀኝ፣ በግራ —
ሦስተኛው የቱ ነበር? ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም አንድ፤
የቱን በቀኝ ትቼ፣ በየቱ ግራ ልሂድ?
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፤
እኔ አፈሰስኩ፤ ሊለቅም ልጅ ሁሉ ካጥሩ ዘለለ።
ሦስት ጀሪካን ደፍቼ፣ አቅጣጫው ጠፍቶኝ ጭራሽ
በዋናው በር ልወጣ ስል፣
ኦቦ ቱፋ በዱላው መለሰኝ።
ሸዋረገድ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ሰዓቷን አቁማ አየች፤
«አንድ ደቂቃ ከአራት፤ ለጀሪካኖቹ ስድስት።
አይዞህ፣ አያምም» አለች።

በሁለተኛው ዙር የቤንዚን ፔዳሉ
ሰምጦ ቀረ። ላዳዬ ጮኸች፤ ቁልፉን አጠፋሁ።
ሮጠው ደረሱ ሁሉ፣
ከኋላ ከፈቷት፤ የቮልስ ልማድ ነው መቼስ፤
ትርፍ ጎማና ክሪክ፣ ሽንኩርት በማዳበሪያ።
«ሞተርህን ሰርቀውሃል፤ ፖሊስ ጋ ሂድ መጀመሪያ!»

የተበጠሰችው ሞላ ናት፣ ፔዳሉን የምትመልስ።
ፍሬሰንበት ሄደ፤ የራሱን ወንበር ገልብጦ
አንዲት ሞላ ይዞ መጣ፣ በፒንሳ ቆርጦ።
«ባለቤቴን ትወጋታለች» አለ፣ ሽቦ በጥርሱ ይዞ፤
ሌላ አልተናገረም።
እስከ ዛሬ ቤንዚን ስረግጥ፣ ቤንዚን ስለቅ፣
እግሬ ስር ያለችው እሷው ናት፣
የሰው ሚስት መቀመጫ።

ሦስተኛውን ዙር ዞርኩ፤ ምንም ሳልነካ፣ ቀስ ብዬ።
ከሃያ አንድ ሃያኛ።
ሃያ አንደኛው መኪናው አልነሳ ያለው ነው።

ሲመሽ ቃሊቲ መግቢያ፣ ከሲኖትራኮች መሃል፣
ትራፊክ አስቆመኝ፤ በሩን አነበበና፣
«የምን እንግዳ? ከየት ወዴት ነው?» አለኝ ቀረብ አለና።
«ከዚህ ተነስቼ… እዚሁ።»
ሳቀም አልሳቀም። በእጁ፣ ሂድ።

ቤት ደርሼ ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ልላጠው ስል፣
የላዩን ቀለም ይዞ ተነሳ፤ ከስሩ ግን
ያው የታክሲው ሰማያዊ፣ እግሯ ከረዘመው «ዳ» ጋር፣
«እንግዳ» ይላል እስካሁን።